ቤቱን ሰሌዳ ላይ አልሥልላቸውም

ሁላችንም የምናውቀው አንድ ቤት አለ። ጣሪያው ሦስት ማዕዘን ነው። በሩ መሐል ላይ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት መስኮት አለው፤ መስኮቶቹ በመስቀለኛ ፍርግርግ ተከፍለዋል። ከጎኑ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ ጎን ሰንደቅ ዓላማ፣ ላይ ጥግ ላይ ጨረሯን የበተነች ፀሐይ። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ቤት ሥያለሁ። እናንተም ሥላችኋል። አሁን የማስተምራቸው የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችም መስከረም ላይ ሲመጡ ይህንኑ ቤት በእጃቸው ይዘው ነው የሚመጡት።

የሚገርመው ግን ማናቸውም እዚያ ቤት ውስጥ አይኖሩም።

ትምህርት ቤታችን ያለው በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ። አብዛኞቹ ልጆች የኮንዶሚኒየም ልጆች ናቸው። ቤታቸው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ጀሪካን ተደርድሯል፣ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከየመስኮቱ ዲሽ ወጥቷል። ሌሎቹ የሚመጡት ከብሎኮቹ ወዲያ ካለው የገበሬ መንደር ነው። የእነሱ ቤት ቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ነገር ግን ጎኑ ላይ የከብት በረት ተቀጥሎበታል፣ ጓሮው ውስጥ የጭድ ክምር ቆሟል፣ አጥሩ ቁልቋል ነው። ወረቀት ስሰጣቸው ግን የፎቁም ልጅ፣ የመንደሩም ልጅ ያንኑ ባለ ሁለት መስኮት ቤት ይሥላል።

ይህ ቤት የመጣው ከሰሌዳ ነው። መምህሩ በጠመኔ ይሥላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደብተር ይሰበሰባል፣ ከአሥር ይታረማል። የመምህሩን ቤት ይበልጥ ያስመሰለ ዘጠኝ ያገኛል። መምህሩን አልወቅስም። ከሃምሳ በላይ ልጅ ይዞ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ አስቀምጦ፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሥዕል ማስተማር ቀላል አይደለም። ሰሌዳ ላይ ሥሎ ማስገልበጥ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል። ደግሞም በታችኛው ክፍል አንዱ መምህር አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ ሥዕሉንም የሚያስተምርባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ሥዕል እንዴት እንደሚሰጥ ያሳየው ሰው የለም። እሱም የተማረው እንደዚሁ ነው።

ግን ልጁ ምን ይማራል? ሥዕል ማለት ሌላ ሰው ዘንድ ያለ ነገር መሆኑን ይማራል። የራሱ ደረጃ፣ የራሱ በረንዳ፣ የራሱ እናት ለመሣል የማይበቁ ይመስሉታል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። በሰባት ዓመቱ ዓይኑን ማመን ያቆመ ልጅ በኋላ ላይ መልሶ እንዲያምነው ማድረግ ከባድ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ "እኔ ሥዕል አልችልም" ይላል፤ ብዙዎቻችን ትልቅ ሰው ሆነንም ይህንኑ እንላለን።

ስለዚህ ቤቱን ሰሌዳ ላይ አልሥልላቸውም።

መጀመሪያ አካባቢ ይጨንቃቸዋል። "ቲቸር፣ ሠርተሽ አሳዪን!" ይሉኛል። አንዳንዱ ወረቀቱን ይዞ ቁጭ ይላል፣ አንዳንዱ የጎረቤቱን አጮልቆ ያያል፣ አንዳንዱ ከእርሳሱ ይልቅ ላጲሱን ይጨርሳል። (ላጲስ በሥዕል ሰዓት እሰበስባለሁ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ እንኳ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ልጁ መስመሩን እየፈራ ማጥፋቱን ትቶ ከመስመሩ ጋር መሥራት ይጀምራል።) እኔ በሥዕል ፈንታ ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ። ቤት ለመድረስ ደረጃ ትወጪያለሽ? በራችሁ ምን ቀለም ነው? ስትገቢ መጀመሪያ የምታዪው ምንድን ነው? ማታ ላይ ማን የት ይቀመጣል? ስለ ቤታቸው ማውራት ይወዳሉ። አውርተው ሲጨርሱ እጃቸው ወረቀቱ ላይ ነው።

አንዲት ልጅ ቤቷን በሙሉ ትታ ደረጃውን ብቻ ሣለች። ከወረቀቱ ታች እስከ ላይ የሚዞር፣ የሚሰባበር መስመር። በየመታጠፊያው ቢጫ ጀሪካን። ጫፉ ላይ እናቷ ቆማለች፤ ከሕንፃው ትበልጣለች። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ይህ ሥዕል ትክክል መሆኑን ያውቃል። ቤታችን የሚባለው ነገር ለዚያች ልጅ ከሁሉ በፊት የሚወጣው ደረጃ ነው። ከሰሌዳ ብትገለብጥ ኖሮ ይህን አንነጋገርም ነበር።

እናቷ ለምን ከሕንፃው በለጠች? ትልቅ ሰው ይህን ሲያይ "ልክ አይደለም" ይላል። ልክ ነው። ቪክቶር ሎዌንፌልድ የሚባል፣ ኦስትሪያ የተወለደና በኋላ አሜሪካ ሄዶ ያስተማረ ሰው ነበር። ቪየና በነበረበት ጊዜ ከዓይነ ስውራን ልጆች ጋር ሠርቷል። የልጆችን ሥዕል እያጠና በዕድሜ ከፋፈለው። ከ2 እስከ 4 ዓመት ገደማ ልጅ ይሞነጫጭራል። ከ4 እስከ 7 ራስ ላይ በቀጥታ እግር የተተከለበት ሰው ብቅ ይላል። ከ7 እስከ 9 ደግሞ ልጁ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ የሆነ ቅርጽ ያበጃል፤ ሰው ሲሥል በዚያው ቅርጽ፣ ዛፍ ሲሥል በዚያው ቅርጽ። የእኔ ተማሪዎች በዚህ መሐል ናቸው። በዚህ ዕድሜ ወረቀቱ ታች ላይ አንድ የመሬት መስመር ይሰመራል፤ ሰውም፣ ዛፍም፣ ላምም እዚያ መስመር ላይ ይቆማል። ሰማይ ላይኛው ጫፍ ላይ ያለ ሰማያዊ ቅድ ነው። መሐሉ ባዶ ነው። የሚወዱት ሰው ይተልቃል። ሚኒባስ ሲሣል ጎኑ መስታወት የሆነ ይመስል ውስጡ ያሉት ተሳፋሪዎች ከነእግራቸው ይታያሉ፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሾፌሩ ሁለቱም ዓይኑ እኛ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ማረም የሚፈልግ አለ። "ሰማይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ቀባው" ይላል። ልጁ ይቀባዋል፤ ግን የሚያውቀውን ሳይሆን የታዘዘውን ነው የሚቀባው። ሰማይ እኮ ላይ ነው ያለው። ቀና ብሎ አይቶታል። ከላይኛው ጫፍ እስከ አድማስ መውረዱን ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሞላው ራሱ ያየዋል፤ ያኔ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ወላጆች ይህን እንዲቀበሉኝ የማሳያቸው ነገር አለ። የአባቶቻችንን ሥዕል። በአገራችን ጥንታዊ ሥዕል ጻድቁ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን ሥዕሎች አስታውሱ። የእኛ ሰዎች ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰዋል፤ ጣልያኖቹ በጎን ናቸው። ንጉሡና እቴጌዪቱ ጎላ ብለው ይታያሉ። ሠዓሊው ካሜራ የሚያየውን አልሣለም፤ ነገሩ እሱ ዘንድ ያለውን ክብደት ነው የሣለው። የዓድዋውን ሥዕል አሳትሜ ክፍል ውስጥ ስለጥፈው ከልጆቹ ጋር ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም። "መጥፎዎቹ የትኞቹ ናቸው?" ስላቸው ሁሉም እጁን ያወጣል። የትምህርት ቤት ትምህርት ሳያስፈልጋቸው ያነቡታል፤ እነሱም እንደዚያው ስለሚሥሉ ነው።

አሁን ስለ ቀለም ላውራ፤ ሁልጊዜ የምጠየቀው እሱ ነውና። "በምን ብር ነው ከለር የሚገዛው?" እውነት ነው፣ ውድ ነው። አሥራ ሁለት ፍሬ ያለው አንድ ፓኮ ለስድስት ልጅ ከተሰጠ ቀዩ መጀመሪያ ያልቃል፣ ለቀዩም ጠብ ይነሣል። እኔ አብዛኛውን ዓመት የምሠራው ከወጥ ቤትና ከመሬት በሚገኝ ነገር ነው።

እርድ በትንሽ ውሃ ሲበጠበጥ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል። ቀይ ሥር ተፍቆ ሲጨመቅ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ይወጣዋል። የቡና አተላ ቡናማ ነው፣ ከሰል ጥቁር ነው። የጎመን ቅጠል በደንብ ሲታሽ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሰጣል፤ ብዙ አትጠብቁ። ልጆቹ ከሁሉም የሚወዱት ግን እርዱን ነው፤ ምክንያቱም ይለወጣል። በእርድ በተቀባ ወረቀት ላይ በሳሙና ውሃ የተነከረ ብሩሽ ወይም ጣት ቢያሳርፉበት ቢጫው ወዲያው ወደ ሸክላ ቀይ ይዞራል። ሎሚ ሲንጠባጠብበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ምክንያቱ እርዱ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ አሲድና ቤዝ ሲያገኝ ቀለሙን ስለሚለውጥ ነው። ይህን የሚማሩት ከፍ ብለው በኬሚስትሪ ነው። አሁን ግን በጣታቸው አይተውታል። አንዱ "ቲቸር፣ ቀለሙ ደነገጠ!" አለ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሙከራው ስም እሱው ሆነ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እርድም ቀይ ሥርም ፀሐይ አይወዱም። ሥዕሉን መስኮት ላይ ከለጠፋችሁት በጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል። ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ጭቃም አለን። የዚህ አካባቢ መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ የሚያወልቅ፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር። ልጆቹ ላም፣ ጀበና፣ መኪና ይሠሩበታል። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚኮማተር የላሟ ቀንድ ይረግፋል፣ የጀበናው አንገት ይሰነጠቃል። መፍትሔውን ያመጣው ከገበሬው መንደር የሚመጣ ልጅ ነው። ቤታቸው ሲመረግ አይቷል። "ጭድ ይገባበታል" አለ። የጤፍ ጭድ ከቤታቸው ይዞ መጣ፤ ደቀቅ አድርገን ከጭቃው ጋር አቦካነው። ጭዱ ጭቃውን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ መሰንጠቁ በጣም ቀነሰ። ይህ ልጅ በአማርኛ ንባብ ወደ ኋላ የሚል ነበር፤ ቤት የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። በዚያ ቀን ሁሉም እሱን እየጠየቀ ነበር የሚሠራው። ምን ያህል ይቀላቀል? ምን ያህል ይቦካ? እሱም በሁለቱም ቋንቋ እየቀላቀለ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምፁ ይሰማል። የሥዕል ክፍለ ጊዜን ለምን እንደምከላከል ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን ልጅ ባሳየው ደስ ይለኛል።

መከላከል ያልኩት አውቄ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቱ "የክወናና የእይታ ጥበባት" ተብሎ የራሱ ቦታ አለው። ሙዚቃው፣ ድራማው፣ ውዝዋዜው፣ ሥዕሉ አንድ ላይ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ፈተና ሲቃረብ ግን መጀመሪያ ለማካካሻ የሚወሰደው ይኸው ክፍለ ጊዜ ነው። ስብሰባ ሲኖር፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ መምህር ሲቀር፣ የሚታጠፈው እሱ ነው። ሒሳብ ይበልጣል የሚለውን ሰው እረዳዋለሁ። ግን ነገሩ ተለያይቶ የተቀመጠ አይደለም።

ፊደልን ብቻ ውሰዱ። 33ቱ ፊደላት በ7 ረድፍ ሲዘረጉ 231 ቅርጽ ናቸው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ "ሰ"ን ከ"ሸ" የሚለየው አናት ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው። "ሉ" ቅጥያዋ ወገቧ ላይ ነው፤ "ሊ" እግሯ ሥር። ይህን ለመለየት ዓይን ትንሽ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። እኔ ደግሞ ሥዕል ሳስተምር የማደርገው ይህንኑ ነው። የእናታቸውን ነጠላ ጥለት ቤት ሄደው እንዲያዩ አዛለሁ። የትኛው ቅርጽ ይደጋገማል? ከስንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል? ቀለሙ የት ላይ ይቀየራል? በማግሥቱ ወረቀት ላይ ያስቀምጡታል። ሲያስቀምጡት ይቆጥራሉ። ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ። ይህ ሒሳብ ካልሆነ ምንድን ነው?

አንድ ጊዜ አንድ አባት መጡ። ሥራቸው ቀለም ቀቢነት ነው፤ የኮንዶሚኒየም ፊኒሺንግ ይሠራሉ። የመጡት ስለ ልጃቸው ነበር። "ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ቀለም እየቀባሁ ነው የምኖረው። እሱ እንዲማርልኝ ነው የላክሁት" አሉኝ። ስሜታቸው ገባኝ። የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ልጃቸው ያንኑ ቀን የሣለው ነበር፤ ሰማዩን ለማፍካት ነጭ ቀለም ፈልጎ፣ ሰማያዊው እየበዛበት ወረቀቱን ሊቀድ የደረሰበት ሥዕል። ወረቀቱን አንሥተው ትኩር ብለው አዩት። "ተገላቢጦሽ ነው የሠራው። መጀመሪያ ነጩን ያፍስሱ፤ ከዚያ ቀለሙን ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ደማቁ ላይ ነጭ ካፈሰሱ ባልዲ ሙሉ ቢጨምሩም አይፈካም" አሉ። ክፍል ገብተው ለልጆቹ እንዲያሳዩልኝ ለመንኋቸው። በሌላ ቀን ከሥራ የተረፈ የውሃ ቀለም በሃይላንድ ላስቲክ ይዘው መጡ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ስለ ፈዛዛና ስለ ደማቅ ቀለም አስተማሩ። ልጃቸው አባቱን ሲያይ የነበረውን ፊት እንዲያዩት ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀለሙን እያማሰሉ ስለነበር አላዩትም። እኔ አየሁት።

"ሥዕል ምን ያደርግለታል?" ለሚሉኝ ሌሎች ወላጆች አንዳንዴ ስለ አፈወርቅ ተክሌ እነግራቸዋለሁ። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ትልልቅ የመስታወት ሥዕሎች የእሱ ናቸው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሥርቷል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ይጠራል። ይህን የምናገረው ሁሉም ልጅ ሠዓሊ እንዲሆን አይደለም። ማየት የተማረ ልጅ ሐኪምም ቢሆን፣ ግንበኛም ቢሆን ይጠቅመዋል። የመስታወቱን ሥዕል ግን ክፍል ውስጥም እሠራበታለሁ። የከረሜላ ልባሶችን እንሰበስባለን፤ ካርቶን ቀዳደን ከኋላው እንለጥፋቸዋለን፤ መስኮት ላይ እናቆማቸዋለን። ቢጫውና ሰማያዊው ሲደራረቡ አረንጓዴ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ልጆቹ እጃቸውን እዚያ ብርሃን ውስጥ እያስገቡ ያዩታል።

ስለ እርማት አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ለመምህራን ነው። ሥዕሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አታድርጉ። ያ ምልክት ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ወይም የእናቲቱ ፊት ላይ ያርፋል። ውጤት መመዝገብ ግዴታ ከሆነ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ይጻፍ። እኔ ከውጤቱ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ "የጀሪካኖቹን ክዳን አስታውሰሽ ሥለሻል" ዓይነት። "ጎበዝ" ብቻ ማለት አይበቃም። ጎበዝ ለሁሉም ይባላል። ያየሽው ነገር ታይቶልሻል የሚለው ግን ለእሷ ብቻ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ማንበብ ሲጀምሩ ወረቀቱን ገልብጠው ከቁጥሩ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ያያሉ።

ለወላጆች ደግሞ፦ ከለሪንግ ቡክ መግዛት ባትችሉ አትዘኑ። ሎዌንፌልድም አጥብቆ ይቃወመው ነበር። ልጁ ሌላ ሰው በሣለው መስመር ውስጥ ቀለም ሲሞላ እጁ ይለማመድ ይሆናል፤ የሚወስነው ነገር ግን የለም። ያገለገለ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጀርባ ይበቃል። ወፍራም እርሳስ ከቀጭኑ ይሻላል። በግራ እጁ የሚሥለውን ቀኝ ካልሆነ አትበሉት። ሥዕሉን ሲያሳያችሁ "ምንድን ነው?" ከማለት "ይሄ ሰውዬ ወዴት እየሄደ ነው?" በሉት። ከዚያ አድምጡ።

የሰኔ ነገር ቀርቶኛል። የእንቁጣጣሽን ሥዕል ታስታውሳላችሁ። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ በየቤቱ እየዞሩ ሥዕል ይሰጡ፣ ሳንቲምም ይሰጣቸው ነበር። አበባ፣ መልአክ፣ "እንኳን አደረሳችሁ"። አሁን አሁን የሚዞረው ፎቶ ኮፒ ነው። አንዱን ሥዕል በብዙ ኮፒ ያስነሡና ቀለም ይቀቡታል፤ አንዳንዴም ሳይቀቡ ይሰጡታል። ልጆች በዓል ላይ ለጎረቤታቸው በእጃቸው የሠሩትን ሥዕል የሚሰጡበት እንዲህ ያለ ልማድ ይዘን እንዲጠፋ መተው የለብንም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለሴቶቹም ለወንዶቹም፣ የታጠፉ ባዶ ወረቀቶች በፖስታ አድርጌ እሰጣለሁ። ፖስታው ላይ የሚሰጡትን ሰው ስም ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ታች ያሉት ሱቅ ያላቸው ጋሼ፣ የብሎኩ ጥበቃ፣ አያት። ሥዕሉ ውስጥ የዚያ ሰው የሆነ አንድ ነገር መኖር አለበት። የጥበቃው ካፖርት፣ የሱቁ ሚዛን፣ የአያት ጀበና። ጳጉሜን ላይ ልጆቻችሁ ወረቀቱን አውጥተው ሲቀመጡ እርድና ቀይ ሥር ስጧቸው፤ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ግን አትላኳቸው።